ኮሶ፣ እንዶድ እና የጎረቤቴ ክኒን

ጎረቤቴ የደም ግፊት ክኒናቸውን እንዳቆሙ ያወቅነው ቡና ላይ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች እሁድ እሁድ ከሰዓት በየተራ ቡና እናፈላለን። የዚያን ቀን ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛውን ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ዞረባቸውና ግድግዳውን ደገፍ አሉ።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም አይደል፣ ሙቀቱ ነው።»

ሐምሌ ነበር። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ትንሽ ስንወተውታቸው እውነቱ ወጣ። ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ «ክኒኑ ኬሚካል ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል፣ የአባቶቻችሁን ሽፈራው ጠጡ» ሲል ሰምተዋል። የሽፈራውን ቅጠል ዱቄት በስልክ አዘዙ። በሞተር መጣላቸው። ጠዋትና ማታ በሞቀ ውኃ እየበጠበጡ መጠጣት ከጀመሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ልጃቸው እዚያው ነበር። የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። ነደደው። «እማዬ፣ ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን አንቺ ቅጠል?» አለ። እሳቸውም የዋዛ አይደሉም። «አያቶችህ በቅጠል ነው መቶ ዓመት የኖሩት» አሉት። «እስቲ መቶ ዓመት የኖረ አንድ አያት ጥሪልኝ!» አለ። ከዚያ በኋላ ቡናው ፓርላማ ሆነ። አንዱ ባህላችንን ስለናቅን ነው እንዲህ የሆንነው ይላል። ሌላው ባህል ነው ወደ ኋላ ያስቀረን ይላል። በረካው ደርሶ ስኒው ሲታጠብም አልበረደም።

እኔ ወሬ አልጠላም፤ የዚያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ዓይኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። እዚያ ላይ የደም ግፊት መለኪያ አለ። ልጅየው ራሱ ነው ለገና የገዛላቸው። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ስለ ሺህ ዘመን ባህልና ስለ ጨረቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንጨቃጨቅ የሴትዮዋ ግፊት ስንት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በየቤቱ ያለው የባህልና የሳይንስ ጭቅጭቅ ለእኔ ይህንኑ ይመስለኛል። አንዱ ሳያይ ያምናል፣ ሌላው ሳያይ ይንቃል። ሁለቱም ግን አላዩም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ሁለት ዕፅዋት አሉ። ሁለቱም የአያቴ ናቸው።

አንዱ ኮሶ ነው። የከተማ ልጆች ኮሶን የሚያውቁት በአነጋገር ብቻ ነው፤ ፊቱን ያጨማደደ ሰው ስናይ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። አያቴ የምር ትጠጣው ነበር። የኮሶ ዛፍ ደጋ ይወዳል። የሴቴዋ ዛፍ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ይቀላል። እሱ ይደርቅና ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ አፍንጫ ተይዞ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የሆዱን ትል ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ግድ ይጠጣ ነበር። ያን ቀን ሥራ የለም፣ እንግዳም አይገባም። ሆዱን ይዞ የሚንከባለል ሰው ማን ሥራ ያዘዋል? ትሉ ራሱ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው፤ የኮሶ ትል እንለዋለን።

ኮሶ ይሠራል ወይ? አዎ ይሠራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ከእኛ እያስመጡ ይሸጡት ነበር። ግን ደግሞ ይጎዳል። መጠኑ የሚለካው በእፍኝ ነው። የአንዱ ዓመት አበባ ከሌላው ዓመት ይበረታል። ያበዛ ሰው ዓይኑ እስከ መጥፋት የደረሰበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች መዝግበውታል። ከዚያ ክኒን መጣ። አንድ ቀን የምትዋጥ፣ የማትመር፣ ከሥራ የማታስቀር። ኮሶ ቀስ ብሎ ከቤታችን ወጣ፣ ማንም ድንኳን ተክሎ አላለቀሰለትም። ባህላችን ተደፈረ ብሎ ሰልፍ የወጣ ሰው አልሰማሁም።

የሚያስቀኝ ግን ጥሬ ሥጋው አለመውጣቱ ነው። እንዲያውም ገነነ። ቅዳሜ ሥጋ ቤት ጎራ በሉ። ታላቅ የሚባለው ሥጋ ተሰቅሎ፣ ቢላው በየሰዉ እጅ፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው ቀርቦ፣ ሰዉ ይቆርጣል። ሰኞ ፋርማሲ ይሄዳል። የአባቶችን ወግ ደረቱን ነፍቶ የሚያስቀጥለው ሰውዬ ወጉን ያስቀጠለለት የላብራቶሪ ክኒን መሆኑን አያስበውም። በኮሶ ዘመን ቢሆን ኖሮ ስንቱ ደፋር ነበር በየሳምንቱ ቁርጥ የሚያዘው?

ሁለተኛው እንዶድ ነው። ኦሞ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የአያቴ ሳሙና እሱ ነበር። ፍሬውን ድንጋይ ላይ ትወቅጠዋለች፣ ውኃ ጠብ ስታደርግበት አረፋ ይደፍቃል፣ ነጠላው በረዶ ይመስላል። ልጅ ሆኜ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንዳቃጠለኝ አልረሳውም። አያቴ ግን አላዘነችልኝም። «ዓይንህን ያቃጠለህ፣ ቆሻሻ የማይምር ስለሆነ ነው» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ነበሩ። የሚያጠኑት ቢልሃርዚያን ነው። ይህ በሽታ ወንዝና ኩሬ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው ወደ ሰው የሚመጣው፤ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ልጅ በቆዳው ይገባበታል። አክሊሉ ወንዙን ይዘው ሲሄዱ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ከፍ ብሎ ግን በሕይወት አሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ዘመን ስንት ሰው አልፏል! የተማረውም አልፏል፣ ያልተማረውም አልፏል። እሳቸው ቆሙ። በሕይወት ያሉትን ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን ጠብ እንድታደርግበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራው ነው። አድዋ ውስጥ ውኃው ለአምስት ዓመት በእንዶድ ሲታከም በትንንሽ ልጆች ላይ የሚታየው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። ይህ ሁሉ የተነሣው ከአንድ ወንዝ ዳር ጥያቄ ነው። የአድዋ ሴቶች ስለ ቀንድ አውጣው ምናልባት ግድ አልነበራቸውም። ዶክተሩ ደግሞ ብቻቸውን ቢሆኑ እንዶዱን አያገኙትም ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የውጭ ድርጅቶች እዚህ አገር ቤት በተሠራ ምርመራ አላምን አሉ፤ በውጭ ላብራቶሪ ይረጋገጥ ሲባል ዓመታት ነጎዱ። በኋላ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣ፣ ዛሬ ቢልሃርዚያ በአብዛኛው የሚታከመው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ይዞ ብቅ አለ። የሰሜን አሜሪካን የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት በእንዶድ ሊገደል እንደሚችል ታየና ዩኒቨርሲቲው ለዚሁ አጠቃቀም ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በስሙ አስመዘገበ። የአጣቢዎቹ ስም ፓተንቱ ላይ የለም። በጤፍም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ይዞት የነበረውን ፓተንት እዚያው የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጠበቅ ነበረብን።

ስለዚህ ሳይንስ የሚባለው ነገር እንደ መጽሐፉ ንጹሕ አይደለም፤ ንግድ አለበት፣ ንቀትም አለበት። ግን የእኛም ጓዳ አለ። የባህል ሐኪሞቻችን መድኃኒቱን ለማን ነው የሚነግሩት? አባት ለሚወደው አንድ ልጁ ብቻ፣ እሱንም ሊሞት ሲል። መድኃኒቱ ለሰው ከተነገረ አይሠራም ይባላል። ልጁ አገር ለቆ ከነበረ፣ ወይ አባቱ በድንገት ከሞተ፣ ያ ሁሉ ዕውቀት አብሮ ጉድጓድ ይገባል። ስንት ነገር ቀበርን? የማይነገር መድኃኒት ደግሞ አይፈተንም። ይጉዳ ይጥቀም የሚያውቅ የለም።

ቻይናዎቹ ሌላ መንገድ ሄዱ። ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወባ መድኃኒት እንዲፈልጉ ሲታዘዙ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን ነው ያገላበጡት። ከ2000 በላይ የመድኃኒት አዘገጃጀቶችን ሰበሰቡ። አብዛኛው ሲፈተን ወደቀ። በአንዱ ተክል ላይ ግን የአራተኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቀው ይላል። እሳቸውም ማፍላቱን ተዉትና በዝቅተኛ ሙቀት ሞከሩት። አርቴሚሲኒን ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙበት። ቆላ ያለ ዘመዳችሁ ወባ ሲይዘው የሚውጠው ኮአርተም ከዚያ የመጣ ነው። እኔን የገረመኝ የወደቁት ብዛት ነው። የገዛ አባቶቻቸውን መጽሐፍ ከፍተው «ይኼ አይሠራም» ብለው ጻፉ። አገር አልፈረሰም።

እኛ ጋ እንዲህ ለማለት ይከብዳል። ዳማከሴ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲያወርድ ታይቷል ሲባል ደስ ይለናል፤ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ምች ሲመታኝ እማዬ የምታሸኝ በእሱ ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ የሕፃን ድድ መፈልፈል፣ ሴት ልጅ መግረዝስ? እነሱም የአባቶች ናቸው። ስንት ሕፃን ደም ፈሶት አልቋል። ባህል ሲመሰገን ብቻ የእኛ፣ ሲጠየቅ የሌላ ሰው አይሆንም።

ደግሞ ከውስጥ የመጣ ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ጸበል የገቡ ብዙዎች ክኒኑን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያንኑ ነገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው መቶ ጊዜ ቢናገረው ያን ያህል አይሰማም ነበር።

ወደ እትዬ ልመለስ። ከቡናው በኋላ ላስቲኩን ቀድጄ መለኪያውን አሠርኩላቸው። 180 በ110። ልጃቸው ቁጥሩን ሲያይ ጨረቃዋንም ቲክቶኩንም ረሳ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጦ ራይድ ጠራ። ግፊታቸውን ቀድሞ ያጋለጠው ግን ቡናው ነበር። ያ መለኪያ ሰባት ወር መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ምንም አልተናገረም። ሰባት ሰው ፊታቸውን እያየ ስለተቀመጠ ነው ነገሩ የታወቀው። ልጅየው ይህን ሲያስብ አልቀረም፤ አሁን እሁድ ቡና ላይ አይቀርም።

ጤና ጣቢያው ላይ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ሲስተሯ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ምን እየጠጡ ነበር?» አለቻቸው። እትዬ አፈሩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ሽፈራው» አሉ በስተመጨረሻ።

«በማንኪያ ስንት?»

«አንድ። ሞላ አድርጌ።»

ሲስተሯ እኔ ኮንሶ ነው ያደግኩት፣ እኛ ጋ እኮ ምግብ ነው፣ በየቀኑ እንበላዋለን ብላ ሳቀች። ከዚያ ክኒኑን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ ነገረቻቸው። ካርዳቸው ላይ ከክኒኑ ስም ቀጥላ «ሽፈራው፣ አንድ ማንኪያ፣ ሁለቴ በቀን» ብላ ጻፈች፣ በሁለት ሳምንት ተመልሰው እንዲለኩም ቀጠረቻቸው።