እጅጌ ወይስ እጀታ?

ባለፈው ዓመት አንድ የጁጂትሱ (ልብስ ተያይዘው የሚታገሉበት የጁዶ ዘመድ) ውድድር ላይ ተጋጣሚዬን እንኳን ሳላይ ልብሴ ጣለኝ። ወደ ምንጣፉ ከመግባታችን በፊት አንድ ሰውዬ መለኪያ ይዞ ቆሟል። «እጅህን ወደ ፊት ዘርጋ» አለኝ። ዘረጋሁ። እጅጌዬ ከእጄ አንጓ 6 ሴንቲ ሜትር ሸሽቶ ቁጭ አለ። የሚፈቀደው እስከ 5 ነው። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ወፍራም ጥጥ በፍል ውኃ አጥቤ ማድረቂያ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ሲገባ የእኔ ልክ ነበር፤ ሲወጣ የታዳጊ ልጅ ሆነ።

የሰው ልብስ ተውሼ ገባሁ። ተሸነፍኩ። ስንመለስ አብሮኝ የሚሠለጥነው ጓደኛዬ ማጽናናቱን ትቶ መኪና ውስጥ ይሰብከኝ ጀመር። «ደግ አደረገ ሰውዬው! ይኼ እኮ ሳሙራዮች ሺህ ዓመት የለበሱት ልብስ ነው። ክብር አለው። ለነገሩ ነጭ ብቻ ነበር መሆን ያለበት። ሰማያዊ ምናምን እያሉ ያዋረዱት ፈረንጆቹ ናቸው።»

በሽንፈት ላይ ስብከት አይመቸኝም። ደግሞም ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነችው አንዷ ብቻ ነች፤ ሰማያዊውን ያመጣው በእርግጥ ፈረንጅ ነው።

ዛሬ «ጊ» የምንለው የትግል ልብስ ሺህ ዓመት ቀርቶ ሁለት መቶም አልሞላውም። መልክ የያዘው ካኖ ጂጎሮ በሚባል ጃፓናዊ መምህር እጅ ነው። ካኖ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጁዶን ማስተማር ሲጀምር ገና 21 ዓመቱ ነበር። የሚሠለጥኑባት ክፍል 12 ታታሚ ምንጣፍ ብቻ ነበር የምትይዘው። ሳሙራይ የሚባለው መደብ ያን ጊዜ ፈርሷል።

ጁዶ ሰው ይዞ መጣል ነው። ሰውን ደግሞ የምትይዘው በልብሱ ነው። ተራ ልብስ ከተጎተተ ይቀደዳል። መፍትሔው ጃፓን ውስጥ ድሮም ነበር፤ እሳት አጥፊዎችና የጉልበት ሠራተኞች የሚለብሱት፣ ድርብ ጨርቅ በወፍራም ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ካፖርት። ስፌቱን ሳሺኮ ይሉታል። የጁዶ ልብስ የዚህ ዘመድ ነው፤ የሠራተኛ ልብስ።

አንዱን አንስታችሁ እዩት። ከወገብ በላይ ያለው ጨርቅ የሩዝ ፍሬ የተደረደረበት ይመስላል። ሸካራ ነው፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ጣታችሁን ይልጠዋል። ከቀበቶ በታች ግን ሳሳ ይላል። ኮሌታው ድርብ በድርብ ሆኖ እንደ ገመድ ደድሯል። የሰፋው ሰው እጅ የት የት እንደሚያርፍ ጠንቅቆ ያውቃል። የእኛ ጋቢ የሚደረበው ለሙቀት ነው፤ ይኼኛው የተደረበው ለጉተታ።

ጓደኛዬን የሚያበሳጨው ቀጥሎ ያለው ነው። የካኖ የመጀመሪያ ተማሪዎች እኔን ካስባረረኝ እጅጌ የባሰ አጭር ለብሰዋል። እጅጌው ክርን ላይ ይቀር ነበር፤ ሱሪውም ቁምጣ ነበር ማለት ይቻላል። የረዘመው በ1907 አካባቢ ነው። ክርንና ጉልበት ከምንጣፍ መላላጥ ተረፉ። ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። እጅጌው ሲረዝም ለተጋጣሚ አዲስ እጀታ ተፈጠረ። እጅጌህን ጫፉ ላይ ጨብጦ የያዘህ ሰው ግማሽ ሰውነትህን ወስዶብሃል። አሳጥረህ ከመጣህ ያንን እጀታ ሰረቅከው ማለት ነው። መለኪያ የያዘው ሰውዬ ቆሞ የሚጠብቀው ክብር አይደለም፤ የተጋጣሚዬን መያዣ ነው። በዚህ በኩል ልክ ነበር፤ ቅር አላለኝም። (ትንሽ ብሎኛል።)

ስለ ጥቁር ቀበቶም አንድ ተረት አለ። ነጩ ቀበቶ ሳይታጠብ በላብና በእድፍ ጠቁሮ ጥቁር ሆነ ይላሉ። ስንቱ አሠልጣኝ ይኼን ሲያወራ ሰምቻለሁ! ካኖ በ1880ዎቹ ከፍ ያሉትን ተማሪዎች ከጀማሪዎቹ ለመለየት ብሎ ጥቁር መታጠቂያ አስታጠቃቸው፤ በቃ። ቀበቷችሁን እጠቡ።

ልብሱ መያዣ መሆኑን ማየት የፈለገ ከጁዶ ሲወጣ የሆነውን ይይ። ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ይዞ መጥቶ በካኖ ትምህርት ቤት አሳየ። የካራቴ ልብስም ከጁዶው ተቀዳ። ካራቴ ግን ዋናው ነገሩ ቡጢና እርግጫ ነው፤ ኮሌታ ይዞ የሚታገል የለም። ስለዚህ ጨርቁ ሳሳ። የቴኳንዶው ልብስ የመጣው በዚያው መንገድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሠፈሩ ነጭ ለብሰው ሲራገጡ የምናያቸው ልጆች የካኖን ልብስ የልጅ ልጅ ነው ያጠለቁት፤ ኮሌታው የለም፣ ውፍረቱ የለም፣ ቀበቶው ግን አለ።

ወደ ሰሜን ሲሄድ ደግሞ ሌላ ሆነ። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ከካኖ ትምህርት ቤት በ1913 ጥቁር ቀበቶ አግኝቶ አገሩ ገባ። ሳምቦ የሚባለውን ትግል ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። በ1937 ለጃፓን ትሰልላለህ ተብሎ ታሰረና እስር ቤት ሞተ። ሶቪየቶች ከዚያ በኋላ ሳምቦ የጃፓን ዘር እንዳለበት ለዓመታት አላወሩም። ጃኬቱ ግን ያሳብቅ ነበር። ቀበቶው እንዳይወልቅ ወገቡ ላይ ቀዳዳ አበጁለት፣ ትከሻው ላይ መያዣ ጨመሩበት፣ ሱሪውን በቁምጣ ቀየሩት፣ አንዱን ቀይ አንዱን ሰማያዊ አለበሱት። ያም ሆኖ ያየው ሁሉ አባቱ ማን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ወደ ሰማያዊው። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 23፣ አንቶን ሄሲንክ የተባለ ግዙፍ ሆላንዳዊ የጃፓኑን ካሚናጋን በገዛ አገሩ የክብደት ገደብ በሌለበት ውድድር አሸነፈው። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሆላንድ ደጋፊዎች ጨፍረው ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ሄሲንክ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው። የተሸነፈው ሰው ገና ምንጣፉ ላይ ነበረ። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ በ1980ዎቹ «አንዱ ተጋጣሚ ሰማያዊ ይልበስ» ያለው። ጁዶን አዋረደ ማለት ይከብዳል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች ተጠላልፈው ሲወድቁ የትኛው እግር የማን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። ቀደም ሲል አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ መታጠቂያ እየደረቡ ነበር የሚለዩት። ቴሌቪዥን ላይ ምን ያህል እንደሚታይ አስቡት። ጃፓኖች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ነጭ የንጽሕና ቀለም ነው አሉ። የዓለም ፌዴሬሽኑ ግን በ1997 አጸደቀው፤ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ላይም ታየ። የመላው ጃፓን ሻምፒዮና እስከ ዛሬ ነጭ በነጭ ነው። መብታቸው ነው። የእኔ ፍርድ ግን ከሄሲንክ ጋር ነው። የመጀመሪያው ልብስ ያልነጣ ጥጥ ነበር፤ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ እንደ አቡጀዲ።

ከጃፓኖቹ ክርክር ውስጥ ልቤን የሚበላው ስለ ንጽሕና ያሉት አይደለም፤ ስለ ገንዘብ ያሉት ነው። ሁለት ቀለም ማለት ሁለት ልብስ መግዛት ነው። በዓለም ፌዴሬሽኑ ትላልቅ ውድድሮች ደግሞ ፈቃድ ካገኙት አምራቾች የተገዛና መለያ ያለበት መሆን አለበት። የአንዱ ዋጋ ከመቶ ዶላር ይበልጣል። የእጅጌውን ርዝመት ለካህ፣ የጨርቁን ውፍረት መረመርክ፣ እሺ። ልኩ ከሆነ ማን ሰፋው ምን ያገባሃል? ከድሃ አገር የሚመጣ ልጅ ከሰማያዊው ቀለም ይልቅ የሚያስፈራው ያቺ መለያ ነች።

ብራዚሎች በዚህ በኩል ዘና ያሉ ናቸው። ማኤዳ ሚትሱዮ የተባለ የካኖ ተማሪ በ1914 ብራዚል ከገባ በኋላ ጨዋታው መሬት ለመሬት ሆነ፤ የእኔ ጁጂትሱ ይኼ ነው። ልብሱንም እስከ ዛሬ «ኪሞኖ» ይሉታል። የዛሬዎቹ ወጣቶች የተጋጣሚያቸውን የጃኬት ጫፍ ከቀበቶው መዘው አውጥተው በገዛ እግሩ ላይ ይጠቀልሉበታል። እኔም ተጠቅልዬበታለሁ። እንደ ሕፃን ታዝዬ የቀረሁ ነው የመሰለኝ።

ጭራሽ ልብሱ ይቅር የሚሉም አሉ። «መንገድ ላይ ጊ የሚለብስ የለም» ይላሉ። ሐምሌ ላይ ፒያሳ ወጥተው ጃኬት ያልለበሰ ሰው ይፈልጉልኝ።

ያቺን የጠበበች ልብስ ለጓደኛዬ ልጅ ሰጠኋት። 13 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ነው የጀመረው። እጅጌዋ ልክክ ብላለታለች። አባቱ በር ላይ ተቀብሎኝ ፌስታሉን ከፈተና ዝም አለ። ሰማያዊ ነች።