ሐሙስ ማታ የደረሰ የእሑድ ሰርግ ጥሪ

ጎንደር የሚደገሰው የእሑዱ ሰርግ መጥሪያ ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ደረሰኝ። «እንዳይቀሩብን» ይላል ከግርጌው። በምን ልምጣ? ለጥምቀት ጎንደር የገባው እንግዳ ገና ተመልሶ ሳያልቅ፣ የአልጋ ዋጋ ጣሪያ በነካበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት በአንድ ቀን ይገኛል ብሎ የሚያስብ ደጋሽ ምን ዓይነት ደጋሽ ነው? ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ በባሕረ ሐሳብ ተሰልቶ መስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ይነገራል፤ ስለዚህ ሰርጉ ከጾሙ በፊት መደገስ እንዳለበት ቤተሰቡ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ያውቃል። ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ተገዝቶ፣ ቪዲዮ አንሺው ሳይቀር ቀብድ ተቀብሎ ሳለ ያልታሰበው እንግዳው ብቻ ነው። ብቀር ደግሞ «ንቆን ነው» ልባል ነው። ለመሆኑ ለበሬው የታሰበውን ያህል ለአጎት ማሰብ ይህን ያህል ይከብዳል?