ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ልዑል

«ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ፦ ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውጊያው ስለሚደጋገም ዛሬ መጫወት አያዋጣም የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። በውጊያው እስማማለሁ። በድምዳሜው ግን በፍጹም!

እኔ የተጫወትኩት እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ አካባቢ፣ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። ሂሳቡ በሰዓት ስለሆነ በየደቂቃው መሞት ኪስ ይጎዳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጨዋታ ግን መላ አለው። ልዑሉ ግድግዳ ላይ ሮጦ ወደ ምሰሶው ሲዘል ከሳተ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭነህ ትይዛለህ። ጊዜው ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ልጁ ከገደሉ ወጥቶ እግሩ በነበረበት ያርፋል። ጊዜውን የሚመልሰው በልዑሉ ጩቤ ውስጥ ያለው አሸዋ ነው፤ ስለሚያልቅ ግን እንዳሻህ አታባክነውም። ጆይስቲኩ በላብ እየተንሸራተተ የዘለልኳቸው ዝላዮች እስካሁን ከእጄ አልወጡም።

ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ልዑሉ መሆኑም ደስ ይላል። ስትሞትበት «እንዲህ አልሆነም» ብሎ ያርምሃል። ጉዳቱ የሚድነው ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ነው። በድሬ ቀትር ይህን እያዩ አለመጠማት አይቻልም።

ውጊያው ግን ያደክማል። ጠላት እንደ ጉንዳን ይፈላል፤ ጥለኸው በጩቤው ካልወጋኸው ተመልሶ ይነሳል። ከልዑሉ ጋር የምትጓዘው ፋራህ በቀስት ብታግዝም እሷንም መጠበቅ አለብህ። ካሜራው ጥግ ሲይዝ ማን እንደመታህ እንኳ አታይም። ሊፍቱ ላይ ያለው ፍልሚያ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው «በአናታቸው ዘለህ ከኋላ ምታቸው» ብሎ ያሻገረኝ።