ሠልጣኝ መምህር መቼ ክፍል ይግባ?

ጥያቄው አጭር ነው። የአፀደ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልጆች ዘንድ ይሂድ? ወይስ መጀመሪያ ኮሌጅ ውስጥ በደንብ ይማር? አንዷ ተከራካሪ ትንንሾቹን ለዓመታት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። ሌላው መምህራንን ያሠለጥናሉ።

መምህርት፦
ከመጀመሪያው ሳምንት ይግባ ነው የምለው። የአራት ዓመት ልጅ በወረቀት አይታወቅም። አንዷ "እማዬ" ብላ ማልቀስ ስትጀምር አምስቱ ይከተሏታል። በዚያው ቅጽበት አንዱ ሱሪው ረጥቦ ጥግ ይዟል። ሌላው የጓደኛውን እርሳስ ነጥቆ ሮጧል። የቱ ይቀድማል? ይህን የሚመልስ ኮርስ አላየሁም። እጅ የሚፈታው እዚያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መሸጋገሪያው ነው። ልጆቹን ከጨዋታ አንስቶ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ። ጥሩ መምህርት አምስት ደቂቃ ሲቀር ትነግራቸዋለች። ከዚያ ሁልጊዜ የምትዘምራትን መዝሙር ትጀምራለች። ድምጿን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ታደርጋለች። ሠልጣኙ ይህን ሃያ ጊዜ ካላየ፣ ሃያ ጊዜም ሞክሮ ካልተሳሳተ አይገባውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1839 በሌክሲንግተን ሲከፈት አብሮት የልጆች ትምህርት ቤት ነበረው። ሠልጣኞቹ እዚያ ይለማመዱ ነበር። ዓመታት ቁጭ ብሎ ተምሮ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ልምምድ የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል። አንዳንዱ ሥራው እንደማይሆነው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

አሠልጣኝ፦
እህቴ፣ ስለ መሸጋገሪያው ያሉት እውነት ነው። ግን "ሃያ ጊዜ ካላየ" ሲሉ አንድ ነገር ዘለሉ። ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ሃያ ጊዜ ቢያይም አያስተውልም።

አንድ ልጅ አምስት ጠጠሮች ይቆጥራል እንበል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። "ታዲያ ስንት ናቸው?" ሲባል እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ያልሠለጠነው "ጎበዝ!" ብሎ ያልፋል። የሠለጠነው ግን የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ለልጁ ገና እንዳልገባው ያውቃል። ወደ መደመር አይሮጥም። ፊደል ገልብጦ የሚጽፈው የአምስት ዓመት ልጅም እንዲሁ ነው። በዚያ ዕድሜ የተለመደ ነገር ነው። ይህን ያላወቀ መምህር ልጁን ሰነፍ ይለዋል። ልጁም ያምነዋል።

ልምድ ብቻውን ደግሞ ራሱን አያርምም። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በክፍል ውስጥ የሚባለውን በቴፕ ቀድታ አዳመጠች። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። መምህራኑ በየቀኑ ክፍል ስለቆሙ ብቻ ይህን አላወቁትም። ፊንላንድም የአንደኛ ደረጃ መምህርን ሥልጠና እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ እስከ ማስተርስ አድርሳዋለች።

መምህርት፦
የሦስቱን ሰከንድ ነገር እኔም የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዝም ይሉ የነበሩት ልጆቼ ትዝ አሉኝና ከፋኝ። በማግሥቱ ልሞክር ስል ግን ሦስት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አየሁ። እጅ ያወጡት "እኔ! እኔ!" ይላሉ። ጥጓ ላይ ያለችው ልጅ አንገቷን ትደፋለች። አፍን ይዞ መጠበቅ ሳምንታት ፈጀብኝ። ማወቁ አንድ ቀን ነው የወሰደው። ፊንላንድን ካነሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው የልምምድ ትምህርት ቤቶች አሏቸው።

አሠልጣኝ፦
አልክድም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። "ቶሎ ክፍል ይግባ" የተባለው ሠልጣኝ መምህር የጎደለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ይጣላል። የሚያርመው የለም። ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ከሰማ ጩኸት ይማራል። "ለሕፃናት ብዙ መማር ምን ያደርጋል?" የሚለው ሐሳብም በዚያው በር ይገባል። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። ልጅ ማንበብ የሚጀምርበት ዓመት እኮ ነው!

መምህርት፦
ብቻውን ይጣል መቼ አልኩ? አጠገቡ እኔ ልሁን። ግን ጊዜ ይሰጠኝ። ሙሉ ጭነቴ ላይ ሠልጣኝ ተደርቦ አይሆንም። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን ያየውን እንነጋገር።

አሠልጣኝ፦
በዚያ ግማሽ ሰዓት እኔም ልገኝ። ግን በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያስተውል እንጂ አያስተምር። አንድ ልጅ መርጦ ይከታተል፤ ያየውን ይጻፍ።

መምህርት፦
አንድ ልጅ መከታተሉን ወድጄዋለሁ። መንፈቁን ሙሉ መቀመጡን ግን አልቀበልም። ልጆች ጥግ ይዞ የሚጽፍባቸውን ሰው አይቀርቡም። ተረት ያንብብላቸው። የጫማቸውን ማሰሪያ ይሰርላቸው። ያውም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ።