የማታምንሽ ጓደኛ ፊት ቁስል ይወራል? የሁለት ተመላሾች ክርክር

ሁለቱም አረብ አገር በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ናቸው፤ አንዷ ከሪያድ፣ ሌላዋ ከቤይሩት። የደረሰብሽን ስታወሪ «እውነት ግን?» እያለች ለምትመረምር ጓደኛ መናገር ዋጋ አለው ወይ ብለን አከራከርናቸው። ስማችን አይጠቀስ ብለዋል።

ከሪያድ የተመለሰችው፦
ይወራል እላለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚጠራጠሩን እንነጋገር። ያስለመድናቸው እኛው ነን። እናታችን እንዳትጨነቅ «ደህና ነኝ፣ ማዳሜ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ስንል ከረምን። ወርቅ አድርገን የተነሳነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍን። ወርቁ የማን እንደሆነ ማን ጠየቀ? ታዲያ ቦሌ ወርደን «ደመወዜን በልተውኛል፣ እንቅልፍ አልነበረኝም» ስንል ግራ ቢገባት ይፈረድባታል?

«ለምን በሩን ከፍተሽ አልወጣሽም?» ትላለች። ያበሽቃል፣ አውቃለሁ። ግን ከፋላ የሚባለውን፣ ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር አሠራር የት ታውቀዋለች? ኢቃማሽ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርትሽ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሳይፈቀድልሽ ከወጣሽ «ጠፍታለች» ብለው ያመለክቱብሻል፤ ከዚያ ተፈልጋ የምትታሰረው አንቺ ነሽ እንጂ ደመወዝሽን የበላችው አይደለችም። ይህን ቁጭ ብለሽ ስታስረጃት የጠያቂዋ ድምፅ ይለወጣል።

ከቤይሩት የተመለሰችው፦
እህቴ፣ እኔ ምን በወጣኝ ነው አስተማሪ የምሆነው? የእኔ ታሪክ በቅደም ተከተል አይመጣልኝም። ዛሬ ያስታወስኩትን ነገ እዘለዋለሁ። ቡና ላይ ጀምሬ «ቆይ፣ ባለፈው ማታ ነው አላልሽም?» ብላ ስታቋርጠኝ ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስለኛል። ያን ቀን እንቅልፍ አጥቼ የማድረው እኔ ነኝ። እሷማ ለሽ ትላለች።

ደግሞ ጥርጣሬ ሁሉ ካለማወቅ አይመጣም። በ2012 የቤይሩት አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሲሄዱ ዓለም በቪዲዮ አይቷል። ጓደኞቼም አይተዋል። «እድላቸው ነው» አሉና አለፉት። ፓስፖርት ያወጣች ልጅ ፊት ካወራሽማ «ራስሽ ቤት ሠርተሽ ስታበቂ እኔ እንዳልሄድ ነው» ትባያለሽ። የቱን ቤት! ለእንደዚህ ዓይነቷ አፌን አላበላሽም። አብራኝ የሠራች አንዲት ልጅ አለች፤ ለእሷ አወራለሁ። ግማሹን ሳልጨርስ ይገባታል።

ከሪያድ የተመለሰችው፦
እኔ የምፈራው እሱን ነው። እኛ እርስ በርስ ስንተዛዘን፣ ፓስፖርት ላወጣችው ልጅ የሚያወራላት ደላላው ብቻ ይሆናል። በ2006 መንግሥት ጉዞውን አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተባርሮ ሲመጣ አይተናል። ዕገዳው የተነሳው በ2010 ነው፤ እስከዚያ ሰው መሄድ አቆመ? በየመን በረሃ ሄደ እንጂ። ስለዚህ እኔ «አትሂጂ» አልልም። ኮንትራትሽን አሳዪኝ፣ የአሠሪሽ ስምና አድራሻ አለበት ወይ፣ የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዥ፣ እላታለሁ። የእኔን መከራ ሁሉ ማመን የለባትም። ደመወዝ እንደሚበላ ካመነች ለእኔ በቂ ነው።

ከቤይሩት የተመለሰችው፦
ይኸው! አንቺ ያልሽው እኮ ምክር ነው። ስለ ኮንትራት ለማስጠንቀቅ ገመናዬን ማውጣት ለምን ያስፈልገኛል? ስልኩን ጽፌ እሰጣታለሁ፣ አለቀ።

ከሪያድ የተመለሰችው፦
ታሪክ የሌለው ምክር የሬዲዮ ማስታወቂያ ይመስላል። «ሕገ ወጥ ስደት ይብቃ» ስንት ጊዜ ተባለ? ማን ሰማው? የሰፈሯ ልጅ «እኔ ላይ ደርሷል» ስትላት ግን ቢያንስ ቆማ ትከራከራለች።

ከቤይሩት የተመለሰችው፦
ትከራከራለች፤ እኔ ግን ክርክሩን አልችለውም። አንቺ ከቻልሽ አውሪላት። እኔ ጋ ስትመጣ ኮንትራቱን ብቻ ይዛ ትምጣ፣ ቡና አፍልቼ አነብላታለሁ።