ቲቢ እዚህም እዚያም በር የሚያንኳኳ ሰው ይፈልጋል

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ቲቢ አጥብቀን የምናስበው አንዴ ነው፤ ዲቪ ደርሶን ወይም ቤተሰብ ጠርቶን ለቪዛ የጤና ምርመራ ስንሄድ። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ራጅ ይነሳል። ራጁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ አክታ ይወሰዳል፤ የአክታው ካልቸር (ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት) ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ቲቢ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን እዚያው ጨርሶ ነው የሚሳፈረው። ለቤተሰብ ከባድ ጊዜ ነው። ዘመድ አዝማድ “ምን ያዘው?” ይላል። “ወረቀት ጎድሎ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ምርመራውን ያለፈው ደግሞ አንዴ አውሮፕላን ላይ ከወጣ በኋላ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ቲቢ የድሮ በሽታ፣ የድሃ አገር በሽታ፣ ጥለነው የመጣነው ነገር ይመስለናል።

ጥለነው አልመጣንም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ የቲቢ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የተወለዱት ከአሜሪካ ውጭ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው እዚህ አገር በቲቢ ከሚታመሙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሽታው ትናንት ከሰው ተላልፎባቸው አይደለም። ለዓመታት ሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ የቆየው ጀርም ነቅቶባቸው ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው ይህ ጀርም እንዳለበት ይገመታል። አብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን ሳይታመም ይኖራል። ከመቶው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆነው ግን አንድ ቀን ይታመማል። ጀርሙ ተኝቶ ሳለ ራጁ ንጹሕ ነው፣ ሳል የለም፣ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የቪዛውን ራጅ ማለፍ ማለት ያን ቀን አልታመምክም ማለት ነው እንጂ ጀርሙ የለብህም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ግን ብዙም የለም።

አንድ ወዳጄ እዚህ በመጣ በስንት ዓመቱ ታመመ። ሹፌር ነው፤ ማታ ማታ ይሠራል። ሳለ፣ ከሳ፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርስ ጀመር። “ድካም ነው” አለ። ኢንሹራንስ ስላልነበረው ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ እየገዛ ወራት ገፋ። አክታው ላይ ደም ሲያይ ነው ድንገተኛ ክፍል የሄደው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው እኔን ያስገረመኝ። ቲቢ በ50ውም ግዛቶች ለጤና ቢሮ ሪፖርት መደረግ ያለበት በሽታ ነው። ከሆስፒታል ሳይወጣ የአካባቢው ጤና ቢሮ ነርስ ደወለችለት። መድኃኒቱን ራሷ ይዛ ቤቱ መጣች። ገና መጀመሪያ ላይ “ሽንትህ ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጥ” አለችው። ይህን ባትነግረው ኖሮ በማግስቱ ያቆመው ነበር፤ ራሱ ነው ያለኝ። ከቤት መውጣት ሲፈቀድለት ደግሞ መድኃኒቱን በቪዲዮ ይወስድ ጀመር። መኪናውን ዳር ያስይዛል፣ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ያቆማል፣ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ለካሜራው እያሳየ ይውጣል። ከዚያ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሳል። ቪዲዮው ሳይደርሳት የቀረ ቀን ነርሷ ትደውላለች።

የከበደው ሌላው ጥያቄ ነበር። “ከማን ጋር ትኖራለህ? ረጅም ሰዓት አብረኸው የምትቆየው ሰው ማነው?” ወዳጄ ቤት የሚጋሩትን ልጆች ስም መስጠት አልፈለገም። “ይህን ካወቁ ማን ያስጠጋኛል?” አለኝ። ነርሷ ታገሠችው። ስሙን እንደማትነግራቸው ደጋግማ አስረዳችው። በመጨረሻ ስማቸውን ሰጠ። ተጠርተው ተመረመሩ፤ አንዱ ላይ የተኛው ጀርም ተገኘ። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ለ12 ሳምንት ወስዶ ጨረሰ።

አገር ቤት አክስቴ ታማ ነበር። ጤና ጣቢያው የሰጣት መድኃኒት ወዳጄ ከወሰደው ጋር አንድ ነው። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል ለሁለት ወር፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ለአራት ወር። በነፃ ነው፣ እዚያም እዚህም። አክስቴ ሁለተኛው ወር ላይ ሰውነቷ መለስ አለ፣ ሳሉ ጠፋ። “ድኛለሁ እኮ፣ ምን ያደርግልኛል?” አለች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ አለባት፣ ክኒኑም ሆዷን ይረብሻታል። እውነቷን ነው፤ ማንም ሰው ደህና ሆኖ ሳለ ለአራት ወር መድኃኒት መዋጥ ይሰለቸዋል። አደጋው ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሕክምናው መሀል ላይ ሲቋረጥ የቀሩት ጀርሞች ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ መድኃኒቱን ተላምደው ሊሆን ይችላል።

ቀበሌዋ ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ድረስ መጣች። “እትዬ፣ ሳይጨርሱ ቢተዉት የሚቀጥለው ሕክምና ከዚህ የባሰ ነው፤ እኔ ልምጣልዎት፣ እርስዎ ይዋጡልኝ” አለቻት። አጠገቧ ተቀምጣ ውሃውን አቀበለቻት፤ እስክትውጥ ድረስ አልተነሳችም። በልጇ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት፤ አክስቴ እምቢ ማለት አቃታት። ቪዲዮ የለም፣ ዳሽቦርድ የለም፤ የተሠራው ሥራ ግን ያው ነው።

መድኃኒት አለ ማለት በሽታው ይጠፋል ማለት እንዳልሆነ ከማንም በላይ የተማረችው ኒውዮርክ ናት። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ጀርሙን ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቲቢ በክኒን የሚድን በሽታ ሆነ። አሜሪካ አሸነፍን ብላ ተዘናጋች። በ1972 የፌዴራል መንግሥቱ ለቲቢ ብቻ ተብሎ የሚመደበውን ገንዘብ አቆመ፤ ከተሞችም ሕመምተኛውን የሚከታተሉ ሠራተኞቻቸውን ቀነሱ። ከዚያ ኤችአይቪ መጣ፤ ቤት አልባው በዛ። በ1988 ሃርለም በሚገኝ ሆስፒታል የታከሙ 178 የቲቢ ሕሙማን ሲጠኑ፣ 89 በመቶ የሚሆኑት ወይ ከክትትል ጠፍተዋል ወይ ሕክምናውን አልጨረሱም። መድኃኒቱ ግን መደርደሪያው ላይ ነበር! በ1991 ከተማዋ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከአምስት ሕሙማን የአንዱ ቲቢ ሁለቱን ዋና መድኃኒቶች ተላምዶ ተገኘ። በ1992 በአንድ ዓመት 3,811 ሰው ታመመ።

መፍትሔው አዲስ ክኒን አልነበረም። ከተማዋ ሠራተኞች ቀጠረች። ሕመምተኛውን መጠለያ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር፣ የመንገድ ጥግ ላይ እየፈለጉ መድኃኒቱን ዓይናቸው እያየ አስዋጡት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ወጪው ግን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ቀድሞ የተቀነሰው ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የኛ አገር ነገር ሲነሳ ዲያስፖራው ራስ መነቅነቅ ይቀናዋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ኢትዮጵያ አሁንም ቲቢ ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው ከመቶ በላይ ይታመማል፣ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሰው ገደማ ነው። ግን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አድርጋ አሠልጥና ደመወዝ እየከፈለች ያሠማራች አገር ናት። ሲዳማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ እነዚህ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው እንዳለ ይጠይቁ ነበር። አክታውን እዚያው ይቀበላሉ፣ ስላይዱን ያዘጋጃሉ፣ ተቆጣጣሪዎቻቸው በሞተር ሳይክል ላብራቶሪ ያደርሱታል። አንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የሚገኘው የሕሙማን ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ሰዉ ድንገት መታመም ስለጀመረ አይደለም። ቀድሞም ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ነው ያልነበረው።

መድኃኒት የተላመደው ቲቢም አለ። ሕክምናው 20 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ወራት በመርፌ ጭምር። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ይህ ሕክምና ወደ ዘጠኝ ወር ማጠር ይችል እንደሆነ በአራት አገሮች ሲጠና ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ውጤቱ በ2019 ወጣ፤ አጭሩ ከረጅሙ እንደማያንስ ታየ። የኛ ሰዎች ታመው፣ ታግሠው፣ ፈርመው የገቡበት ጥናት ነው። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከከፋባቸው አገሮች ዝርዝር አወጣት። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል።

ስጋቴም እዚሁ ላይ ነው። አሜሪካ ለዓለም የቲቢ ሥራ ትልቋ የውጭ ለጋሽ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ክትትሉ ነው፤ ናሙና የሚያመላልሰው፣ የቀረውን ሕመምተኛ የሚፈልገው ሰው። ክኒኑ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም። ኒውዮርክ በ1970ዎቹ የቀነሰችው ይህንኑ ነበር። በሌላ አገር መንግሥት ውሳኔ የሚቆም ሥራ መሆኑም ያሳስበኛል፤ ይህን ክትትል የሚሠራው ሰው ደመወዝና የትራንስፖርት አበል ከራሳችን ካዝና መውጣት አለበት።

ስለ ነውሩ ሁለት ቃል ልበል። አክስቴ ከታመመች በኋላ ኩባያዋና ሳህኗ ለብቻ ተደረገ። እዚህ ወዳጄም ያው ደረሰበት። ቲቢ በሳህን፣ በኩባያ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር አየር ላይ በሚቀረው ጀርም ነው። የእጢ ቲቢ ያለበት ሰው ሳንባው ደህና ከሆነ ወደ ሌላው አያስተላልፍም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ብዙ ነው። ትክክለኛውን መድኃኒት የጀመረ ሰውም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ሰውየውን የምናገልለው ግን ታክሞ ካርድ ከያዘ በኋላ ነው፤ ሳይታወቅለት ሲያስል አብረነው ተጨናንቀን ስንጓዝ ምንም አላልንም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት “ዝጉት፣ ብርድ ሊመታኝ ነው” የሚል አይጠፋም። ሊማ ፔሩ ውስጥ ተጠንቶ በ2007 እንደወጣው፣ መስኮትና በራቸው የተከፈቱ የሆስፒታል ክፍሎች በማሽን አየር ከሚገባላቸው ክፍሎች የተሻለ አየር ይለዋወጡ ነበር። ሳህን ከመለየት መስኮት መክፈት ይበልጣል።

እዚህ ላለነው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት የቲቢ የቆዳ ምርመራ ተደርጎለት ክንዱ ያበጠ ስንት ሰው አውቃለሁ። “በልጅነቴ ቢሲጂ ተከትቤ ነው” ይልና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ቢሲጂ፣ ማለትም የቲቢ ክትባቱ፣ የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስተው እንደሚችል እውነት ነው። የደሙን ምርመራ ግን አያሳስተውም፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ያለው ሰው ደም ይስጥ። ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ ይጠብቃል፤ አዋቂውን ግን ለመጠበቅ አስተማማኝ አይደለም። በተለይ ስኳር ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የታዘዘላቸው ወላጆቻችን የተኛው ጀርም ሊነቃባቸው ይችላል። ለቁርጥማት መርፌ ሊጀምሩ ሲሉ ሐኪሙ ስለ ቲቢ ካልጠየቀ እኛ እንጠይቅለት። የተኛውን ጀርም ማከም ዛሬ ቀላል ነው፤ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት፣ ወይም በየቀኑ ለሦስት ወይም ለአራት ወር። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ለአካባቢው ጤና ቢሮ የቲቢ ክፍል ይደውል፤ በአብዛኛው ቦታ ምርመራውም መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ይገኛል። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል፤ በስልክ ያገናኙታል።