ማስረጃውን አጥፍታችሁ ምክንያቱን አትጠይቁኝ

ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አገልግሎታችን ለ4ኛ ጊዜ ደርቆ ቆመ፤ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሰርቨሩ ውስጥ እስክገባ ድረስ ግን አንድ ባልደረባዬ ፕሮሰሱን (በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም) ገድሎ እንደገና አስነሥቶታል። ጠዋት ደግሞ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ተባልሁ። ከየት አምጥቼ ልመልስ? የትኛው ትሬድ (በፕሮሰሱ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱ) የትኛውን ቁልፍ (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ መቆለፊያ) ይዞ እንደቀረና ማን ማንን ይጠብቅ እንደነበር የሚናገረው የዚያ ፕሮሰስ ሜሞሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠፍቷል።

በሊኑክስ ላይ ጂኮር የሚባል ትእዛዝ አለ። ፕሮሰሱን ለጊዜው ገትቶ ሜሞሪውን ወደ ፋይል ይገለብጣል፤ ፕሮሰሱም አይሞትም። ይህ የሜሞሪ ቅጂ ደምፕ ወይም ኮር ፋይል ይባላል። አገልግሎቱ እንደሆነ ቀድሞውኑ ቆሟል! ታዲያ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ለምን ያቅታል?

ይባስ ብሎ ፕሮሰሱን ለመግደል የሚላከው ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ ትእዛዝ) ቁጥር 9 ነው፤ እሱ ደግሞ ኮር ፋይል አያስቀርም። ሲግናል 6 ተልኮ፣ የኮር ፋይል መጠን ገደቡም 0 ባይሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የምንመረምረው ነገር ይተርፍልን ነበር። ገደቡ እንዲነሣ ስንት ጊዜ ለመንሁ? «ዲስኩ ይሞላል» እባላለሁ። ፋይሉ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው፤ የደንበኞች ምስጢርም ሊገኝበት ስለሚችል ለማንም ክፍት ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ይህን ግን የተለየ ዲስክና ጥብቅ የፋይል ፈቃድ ይፈታዋል፤ የጠፋ ሜሞሪን የሚመልስ ግን የለም።

5ኛው ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። እባካችሁ፣ ያን ዕለት ከመግደላችሁ በፊት ደምፑን ውሰዱ።